በሩ ሁለት ሰው ይችል ነበር? ፊልምን መመርመር ለሚወድ ሰው የተጻፈ መመሪያ

ልጅ ሆነን በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አንድ የማይሻር ሕግ ነበር። አክተር አይሞትም። አክተር ማለት ለእኛ ተዋናይ ማለት አልነበረም። ዋናው ሰውዬ፣ የእኛ ሰው ማለት ነበር። ጥይት ይዘንባል፣ ሕንፃ ይናዳል፣ አክተሩ አቧራውን አራግፎ ይነሳል።

ከዚያ ታይታኒክ መጣ። በሁለት ካሴት። አንደኛው አልቆ ሁለተኛው እስኪገባ ድረስ እንከራከራለን። መርከቧ እንደምትሰጥም ሁላችንም እናውቃለን። ክርክሩ አክተሩ በምን ዘዴ ያመልጣል የሚል ነው። አላመለጠም። ልጅቷ ሁሉም «በር» በሚለው ተንሳፋፊ እንጨት ላይ ተኛች፣ እሱ ውሃው ውስጥ ቀረ። ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዱ «ኧረ ቦታ አለ! ትንሽ ጠጋ በይለት!» ብሎ ጮኸ።

ያ ጩኸት ዛሬም አልቆመም። እኛ ቤት በዓል በመጣ ቁጥር ይነሳል። ዓለምም እንደኛው ነው፣ ሲከራከርበት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆነው። እኔም ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚሁ ሰበብ ነው። አንድ ሰው «ቦታ አለ» ብሎ ሲጮህ ሳያውቀው ሦስት ነገር እየጠየቀ ነው። ታሪኩ ለምን እንዲህ ሄደ? ይህ ነገር በእውነት ይሆናል? ከሆነስ ፊልሙ ምን ሊለን ፈልጎ ነው? ሦስቱን ለይቶ መጠየቅ የቻለ ሰው የትኛውንም ፊልም መመርመር ይችላል።

ለማሳያ በዋናነት ሁለት ፊልም እይዛለሁ። የጄምስ ካሜሮን ታይታኒክ (1997) እና የቦንግ ጁን ሆ ፓራሳይት (2019)። ያላያችኋቸው ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙና አይታችሁ ተመለሱ። መጨረሻቸውን አልሸሽግም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩ

ለምርመራ የሚሆን ፊልም ሁለቴ ይታያል። የመጀመሪያው ዙር ለስሜት ነው። ስልክ ይራቅ። እስክሪብቶም ይራቅ። በየደቂቃው ማስታወሻ የሚይዝ ሰው እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ነው፣ ሁሉንም እያየ ምንም አያይም።

ፊልሙ ሲያልቅ ግን ዩቲዩብ ከመክፈታችሁ በፊት፣ ጓደኛም ሳትጠይቁ፣ ሦስት መስመር ጻፉ። የት ላይ ትንፋሼን ያዝኩ? የት ላይ «እንዴት ሆኖ?» አልኩ? ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ምስል የቱ ነው?

ፓራሳይትን ያየሁ ማታ የጻፍኩት አሁንም አለኝ። ትንፋሽ፦ ሳሎን፣ ጠረጴዛው ሥር። እንዴት ሆኖ፦ ሀብታሟ ሴትዮ እንዲህ በቀላሉ ትሸወዳለች? ምስል፦ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ክዳን ላይ ቁጭ ብላ ሲጋራ የምታጨሰው ልጅ። ስጽፈው እንዲሁ ነው። ወደ ኋላ ላይ እንደምታዩት ግን ፊልሙ በሙሉ እነዚህ ሦስት መስመሮች ውስጥ ነበር።

ሁለተኛ፦ ታሪኩን ያለ «ከዚያ» ንገሩት

ፊልም ስንተርክ «ከዚያ… ከዚያ… ከዚያ ደግሞ…» እንላለን። ይህን ቃል ለራሳችሁ ከልክሉት። አንዱን ድርጊት ከሌላው በ«ስለዚህ» ወይም በ«ግን» ብቻ አያይዙ። የሳውዝ ፓርክ ካርቱን ፈጣሪዎች ሲጽፉ የሚጠቀሙበት ብልሃት ነው። ለተመልካችም ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም።

ታይታኒክን እንሞክረው። የአንደኛ ማዕረጓን ልጅ፣ ሮዝን፣ የታጨችለት ሕይወት አንቆ ይዟታል፣ ስለዚህ ልትዘል ወደ መርከቧ ጫፍ ትሮጣለች። ግን ጃክ፣ የሦስተኛ ማዕረጉ ልጅ፣ የእኛ አክተር፣ እዚያ ተጋድሟል። ያወርዳታል፣ ስለዚህ እጮኛዋ ለይስሙላ እራት ይጋብዘዋል። እራቱ ሊያዋርደው ነበር፣ ግን ጃክ ገበታውን በጨዋታ ያዘው። ስለዚህ ሮዝ ተከትላው ወደ ሦስተኛ ማዕረግ ጭፈራ ትወርዳለች። ግን የእጮኛዋ አሽከር ያያታል። ስለዚህ በማግስቱ ቁርስ ላይ ጠረጴዛ ይገለበጣል።

ይኼ ሰንሰለት ጠንካራ ነው። አንዱን ቀለበት ብታወጡት ቀጣዩ ይወድቃል። አሁን ግን አንድ ችግር ይመጣል። የበረዶው ተራራስ? እሱን በ«ስለዚህ» ማያያዝ አይቻልም። ለነሱ ፍቅር ብሎ አልመጣም። ካሜሮን ይህን ያወቀ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ትንሽ ክር አስሮበታል። ማማው ላይ ያሉት ጠባቂዎች በረዶውን ከማየታቸው በፊት ወዴት ነበር የሚያዩት? ወደ ታች፣ ወደሚሳሳሙት ጥንዶች። ድጋሚ ስታዩ ልብ በሉት። ጥቂት ሰከንድ ናት። ለእኔ ትንሽ የተጎተተች ናት፣ ግን ጸሐፊው የት ላይ እንደተጨነቀ ታሳብቃለች።

አጋጣሚን በተመለከተ አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ። ገፀ ባህሪውን ችግር ውስጥ የሚከት አጋጣሚ ይፈቀዳል። ከችግር የሚያወጣ አጋጣሚ ግን ማጭበርበር ነው። ጃክ ትኬቱን በቁማር ያገኘው መርከቧ ልትነሳ ደቂቃዎች ሲቀሯት ነው። አጋጣሚ ነው፣ ግን ወደ ሞት የሚወስድ አጋጣሚ ስለሆነ ማንም አያጉረመርምም። በተቃራኒው ጀግናው ሊገደል ሲል ፖሊስ ከሰማይ ዱብ የሚልበትን ፊልም አስቡ። ስንት የአገራችንም የውጭውም ፊልም እንዲህ አልቋል! እኛ ደግሞ እናጨበጭባለን።

በዚህ ደረጃ ላይ ሌላ የምታዩት ነገር መረጃ እንዴት እንደተሰጣችሁ ነው። ታይታኒክ መጀመሪያ አካባቢ የምርምር መርከብ ላይ አንድ ጺማም ባለሙያ ታሪኩን ለምትተርከው ለአሮጊቷ ሮዝ የኮምፒውተር ሥዕል ያሳያታል። በረዶው የታይታኒክን ጎን ሲቦጭቀው፣ ፊቷ በውሃ ሲከብድ፣ ኋላዋ ሲነሳ፣ ለሁለት ስትሰበር። ሲያዩት አሰልቺ ማብራሪያ ይመስላል። ሥራው የሚገባችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። መርከቧ ስትሰጥም ማንም ቆሞ ምንም አያብራራም። ቀድማችሁ ተምራችኋል፣ ስለዚህ የቀራችሁ መፍራት ብቻ ነው። አሮጊቷም ሥዕሉን አይታ ስታበቃ፣ በቦታው ላለ ሰው ነገሩ ትንሽ ይለይ እንደነበር በጨዋ ፌዝ ትነግረዋለች። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም በሙሉ የዚያች ፌዝ ማብራሪያ ነው።

ሦስተኛ፦ «ይሆናል ወይ?» የሚለውን በሦስት ወንፊት አጣሩት

አብዛኛው የፊልም ክርክር የሚበላሸው እዚህ ነው። አንዱ ስለ ሳይንስ ያወራል፣ ሌላው ስለ ሰው ፀባይ ያወራል፣ ሁለቱም «አይመስልም» ይላሉ። ስለዚህ ወንፊቶቹን እንለያቸው።

የመጀመሪያው ወንፊት የፊልሙ የራሱ ሕግ ነው። ፊልሙ በመጀመሪያዎቹ 15 ወይም 20 ደቂቃዎች ቃል ይገባል። እዚህ ዓለም ውስጥ ሰው ይበራል፣ ወይም ሙታን ይነሳሉ፣ ወይም ሁሉም ነገር እንደ ሰፈራችሁ ነው። ሰው መብረሩ ችግር የለውም። መብረር የማይችል የነበረው ሰው በ80ኛው ደቂቃ ድንገት ሲበር ነው «ፊልም እየሠራችሁብን ነው» የምትሉት።

ሁለተኛው የሰው ባሕርይ ነው። እስካሁን የማውቀው ይህ ሰው፣ እንዲህ ፈርቶ፣ ይህን ብቻ እያወቀ፣ ይህን ያደርጋል? እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። እናንተ ሶፋ ላይ ፈንዲሻ ይዛችኋል። እሱ የለውም።

ሦስተኛው የውጭው ዓለም እውነታ ነው። ፊዚክሱ፣ ታሪኩ፣ ሕጉ፣ ሕክምናው።

ክብደታቸው እኩል አይደለም። ለእኔ ሁለተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ሦስተኛው መጨረሻ ይመጣል። ፊዚክሱ የተሳሳተ ፊልም ብዙ ጊዜ ይቅር እላለሁ። ሰውየው የተሳሳተበትን ግን አልችልም።

አሁን በሩን እናምጣው። በሦስተኛው ወንፊት ብቻ ካየነው ወሳኙ የቦታው ስፋት አይደለም። እንጨቱ ስንት ኪሎ ተሸክሞ ይንሳፈፋል የሚለው ነው። ሚዝባስተርስ የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም በ2012 ሞክሮት፣ የሮዝን የአደጋ ጊዜ ሰደርያ ከእንጨቱ ሥር ቢያስሩት ሁለቱንም ሊያነሳ ይችል እንደነበር አሳየ። የካሜሮን መልስ የታወቀ ነው፦ ስክሪፕቱ ገጽ 147 ላይ ጃክ ይሞታል ይላል፣ አለቀ። ግን ነገሩ ከንክኖት ኖሮ በ2023 እሱ ራሱ በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሰዎች አስገብቶ ፈተነው። አንዳንዱ አቀማመጥ አላዋጣም። አንዱ ግን ጃክን ሊያተርፈው ይችል ነበር።

እሺ፣ ሊተርፍ ይችል ነበር። በሁለተኛው ወንፊትስ? ትዕይንቱን መልሳችሁ እዩት። ጃክ መጀመሪያ ሊወጣ ይሞክራል። እንጨቱ ይገለበጣል፣ ሮዝም ትወድቃለች። ያን ካየ በኋላ ድጋሚ አይሞክርም። ውሃው ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ ነው። ሰደርያ ፈትቶ፣ ውሃ ውስጥ ጠልቆ፣ በደነዘዘ ጣት ማሰር የሚለው ሐሳብ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሚመጣ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ይኼ ልጅ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያየነው ልጅ፣ እሷን ዳግም ለመገልበጥ ይደፍራል? አይደፍርም። ስለዚህ በእኔ ወንፊት በሩ አልፏል። ቪዲዮ ቤት የጮኸው ልጅም ልክ ነበር፣ ካሜሮንም ልክ ነበር። የሚከራከሩት በተለያየ ወንፊት ነው።

ሦስተኛውን ወንፊት ስትጠቀሙ አንድ ነገር አደራ። «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት አጣሩ። የታይታኒክ ለሁለት መሰበር ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በ1912 ከአደጋው የተረፉ ብዙ ሰዎች መርከቧ ስትሰበር አየን ብለው መስክረዋል። መርማሪዎቹ ግን ሳትሰበር ነው የሰጠመችው ብለው ደመደሙ። ብረት እንዲህ አይሰበርም ተባለ። በ1985 ሮበርት ባላርድና ባልደረቦቹ ፍርስራሹን ሲያገኙት ሁለት ቦታ ወድቋል። ለሰባ ዓመት «አይመስልም» የተባለው ነገር ሆኖ ነበር።

ጥቃቅን ስህተቶችን መልቀም ደግሞ ያዝናናል፣ አልዋሽም። ጃክ ዊሶታ ሐይቅ ላይ በረዶ ሰብሮ ዓሣ ማጥመዱን ያወራል፣ ሐይቁ ግን በግድብ የተፈጠረው መርከቧ ከሰጠመች ከዓመታት በኋላ ነው። ሮዝ ቀና ብላ የምታየው ሰማይ ላይ ያሉት ከዋክብት የዚያ ሌሊት ከዋክብት አልነበሩም። የፊዚክስ ሊቁ ኒል ዲግራስ ታይሰን ነዝንዞ ነዝንዞ በ2012ቱ እትም አስተካከሉለት። ግን ይህን ሁሉ ለቅማችሁ ስለ ፊልሙ ምን አወቃችሁ? ምንም ማለት ይቻላል።

ስህተቱ ሰው ሲነካ ነው የሚከብደው። ፊልሙ ውስጥ መኮንኑ ዊሊያም መርዶክ ተሳፋሪ ተኩሶ ይገድልና ራሱን ያጠፋል። መርዶክ እውነተኛ ሰው ነው፣ ይህን ማድረጉ ደግሞ አልተረጋገጠም። በ1998 የስቱዲዮው ኃላፊ ስኮትላንድ ውስጥ ወዳለችው የመርዶክ የትውልድ ከተማ ዳልቢቲ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፣ በስሙ ለሚሰጠው የትምህርት ቤት ሽልማትም 5 ሺህ ፓውንድ ሰጠ። ስለዚህ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ፊልም ስታዩ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ። የማን ስም ነው ያለው? የተጨመረው ነገር የሚጎዳው ማንን ነው?

ቀዳዳው የሚያስገባ በር ሲሆን

አንዳንድ ጊዜ «አይመስልም» ያላችሁት ቦታ የጭብጡ መግቢያ ነው። ወደ ፓራሳይት እንሂድ። ከሦስቱ መስመሬ ሁለተኛዋ ይህች ነበረች፦ ሀብታሟ ወይዘሮ ፓርክ እንዴት እንዲህ ትሸወዳለች? አንድ ደሃ ቤተሰብ በሙሉ፣ አስጠኚ፣ የሥዕል መምህርት፣ ሹፌር፣ የቤት ሠራተኛ ሆኖ ቤቷ ይገባል። እሷ አንዳቸው ከሌላው መዛመዳቸውን አታውቅም። ኧረ ባካችሁ!

ሁለተኛ ሳየው ግን ራሷ መልሱን ስትናገር ሰማኋት። ማንንም ዝም ብላ አትቀጥርም። የምታምነው ሰው ያመጣላትን ብቻ ነው የምታምነው፣ የመተማመን ሰንሰለት ብላ ነገር ታወራለች። ቆም ብዬ አሰብኩ። እኛስ ሠራተኛ የምንቀጥረው እንዴት ነው? «የምታውቂያት ደህና ልጅ አለች?» ብለን ጎረቤት ጠይቀን አይደለም? ሹፌርስ? የሰው ሰው ይመጣል፣ እሱም ሌላ ሰው ያመጣል። ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም። ከክበቧ ውጭ ያለን ሰው መለየት ኖሮባት አያውቅም፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰንሰለቱ ለይቶላት ኖሯል። «ቀዳዳ» ያልኩት የፊልሙ ዋና ነገር ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ መመሪያው ይኼ ነው። ቀዳዳ ስታገኙ ወዲያው አትፍረዱ። ፊልሙ ቀዳዳውን ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም? ካወቀው አንድ ቦታ ይጠቅሰዋል። ፈልጉት።

አራተኛ፦ ኅብረ ቃሉን ፈልጉ

ስለ ፊልም ጥልቅ ትርጉም ስናወራ ሰምና ወርቅ ማለት ይቀናናል። ጥሩ ነው፣ ግን ብዙዎቻችን ከሰሙ ወደ ወርቁ ዘለን እንገባለን። «ፊልሙ ስለ ካፒታሊዝም ነው» ብለን ቁጭ። የቅኔ ተማሪ እንዲህ አይሠራም። መጀመሪያ የሚፈልገው ኅብረ ቃሉን ነው፣ ሁለቱን ትርጉም በአንድ አፍ የያዘችውን ቃል። ወርቁ የሚፈልቀው ከእሷ ነው። ፊልምም ኅብረ ቃል አለው። ብዙ ጊዜ ግን ቃል አይደለም። ዕቃ ነው፣ ቦታ ነው፣ ድምፅ ነው፣ አንዳንዴም ሽታ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ርዕሱ ራሱ ኅብር ይሆናል። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» (2014) እንዲህ ነው። ፊልሙ በጠለፋ የተወሰደች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰችበትን የ1996 እውነተኛ ጉዳይ ይዞ የተነሳ ነው። ርዕሱን በአማርኛ ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይሰማል። ደፋርነትን እና መደፈርን። የተፈጸመባትም እሷ ያደረገችውም በአንድ ቃል ገብቷል። የውጭ አገር ተመልካች ፊልሙን በሙሉ አይቶ የሚደርስበት ቦታ ላይ እኛ ፖስተሩ ላይ እንደርሳለን።

ኅብረ ቃሉን ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ መቁጠር ነው። ሁለተኛውን ዙር ስታዩ ወረቀት ያዙ፣ የሚደጋገመውን ነገር ከነደቂቃው ጻፉ። አንዴ የታየ ዕቃ ነው። ሁለቴ የታየ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ሦስት ጊዜ ከታየና በየጊዜው ትርጉሙ ትንሽ ከተቀየረ፣ አገኛችሁት።

ፓራሳይት ውስጥ ሁለት አሉ፦ ደረጃና ሽታ። የዝናቡን ሌሊት ከቅርብ እንየው። አባትየው፣ ወንዱ ልጅና ሴቷ ልጅ ሳሎን ጠረጴዛ ሥር ተደብቀው ተጋድመዋል። አጠገባቸው ሶፋው ላይ አቶ ፓርክ ለሚስቱ ስለ ሹፌሩ፣ ማለትም ስለዚሁ አባት፣ ያወራል። ሰውየው ልክ ያውቃል፣ መስመር አያልፍም ይላል። ሽታው ግን መስመር ያልፋል። ምድር ውስጥ ባቡር የሚሳፈሩ ሰዎች ሽታ ነው ይላል። ሹፌሩ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ተኝቶ ይሰማል። ቀስ ብሎ የሸሚዙን አንገት ወደ አፍንጫው ይጎትታል። እዚህ ላይ ነበር ትንፋሼን የያዝኩት።

ከዚያ ሾልከው ይወጣሉ። ዝናብ። ይወርዳሉ። ደረጃ፣ ቁልቁለት፣ ዋሻ፣ ሌላ ደረጃ። ውሃውም አብሯቸው ይወርዳል። ፊልሙ እዚህ ላይ «ሀብታምና ደሃ» የሚል ቃል አላወጣም፣ ወደ ታች ብቻ አስኬዳቸው። ግማሹ ከመሬት በታች የሆነው ቤታቸው በፍሳሽ ተሞልቷል። ቤቱ ውስጥ ከፍ ያለው ቦታ ሽንት ቤቱ ነው። ልጅቷ የሚገነፍለውን መቀመጫ ከድና እላዩ ላይ ትቀመጥና ሲጋራዋን ትለኩሳለች። ሦስተኛዋ መስመሬ።

ጠዋት ወይዘሮ ፓርክ መኪና ውስጥ ስልክ እያወራች ነው። የትናንቱ ዝናብ በረከት ነበር ትላለች፣ ሰማዩን አጠራልን። ከፊት ሹፌሩ ከተፈናቃዮች ጋር የስፖርት አዳራሽ ውስጥ አድሮ የመጣ ነው። እሷ አፍንጫዋን ይዛ መስኮት ትከፍታለች። መጨረሻ ላይ ያ ሰው ቢላ ሲያነሳ ምን አይቶ ነው? አቶ ፓርክ አፍንጫውን ሲይዝ አይቶ። የሸሚዙን አንገት ያላየ ሰው ግድያው ድንገተኛ ይመስለዋል። ያየ ሰው መምጣቱን ያውቃል። ኅብረ ቃል ሲገኝ ታሪኩም፣ ተአማኒነቱም፣ ጭብጡም ባንዴ ይፈታሉ የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ትርጉም አንድ ጨዋታ

ፓራሳይት በ2020 የዓመቱን ምርጥ ፊልም ኦስካር ሲወስድ እንግሊዝኛ ካልሆኑ ፊልሞች የመጀመሪያው ነበር። እኛ ብዙዎቻችን ያየነው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ኮሪያኛ ግን እንደ አማርኛ የአክብሮት አነጋገር አለው። ማን ማንን በአክብሮት እንደሚያናግር፣ መቼ ላላ እንደሚል ይሰማል። እንግሊዝኛው ሁሉንም አንድ ያደርገዋል። አማርኛ ቢሆን «እርስዎ» እና «አንተ» ብሎ ያሳየን ነበር። ስለዚህ ከቋንቋችሁ ውጭ የሆነ ፊልም ስትመረምሩ ከጽሑፉ ይልቅ ድምፁን፣ አንገት መስበሩን፣ ማን ቆሞ ማን እንደተቀመጠ እዩ። አሥር ደቂቃ ድምፁን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ማን አለቃ እንደሆነ ያለ ቃል ካልገባችሁ ወይ ዳይሬክተሩ ሰንፏል፣ ወይ እናንተ።

በአማርኛ ድምፅ የተለበሱ ተከታታይ ድራማዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» የሚለውን የመረጠው ተርጓሚው ነው። የአማትና የምራት ጠብ ግማሹ ተርጓሚው ቤት የተፈጠረ ሊሆን ይችላል።

አምስተኛ፦ የደረሳችሁበትን ራሳችሁ አፍርሱት

ትርጓሜ ማግኘት ያሰክራል። አንዴ ከያዛችሁ ሁሉም ነገር እሱን ይመስላል። ስለዚህ ሐሳባችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና የሚቃወመውን ትዕይንት ፈልጉ። ከሌለ በደንብ አልፈለጋችሁም።

በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ለዓመታት ታይታኒክ የመደብ ፊልም ነው እል ነበር። ማስረጃ ሞልቶኛል። የሮዝ እናት መርከቧ እየሰጠመች ጀልባዎቹ ላይ የምንሳፈረው በማዕረግ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች። ታች ያሉት ብረት በር ተቆልፎባቸዋል። ታሪኩም ይደግፈኛል። 20 ጀልባዎች 1 ሺህ 178 ሰው ብቻ ይይዙ ነበር፣ የተሳፈረው ግን 2 ሺህ 200 ገደማ ነው። ከአንደኛ ማዕረግ ከአሥሩ ስድስቱ ሲተርፉ ከሦስተኛ ማዕረግ ከአራቱ አንዱ ነው የተረፈው።

በሩም ራሱ ይመሰክርልኛል። ለነገሩ በር አይደለም። የተሠራው ካናዳ፣ ሃሊፋክስ በሚገኘው የባሕር ሙዚየም ካለ እውነተኛ ስብርባሪ ተመስሎ ነው፣ ያ ደግሞ ከአንደኛ ማዕረግ ሳሎን በር በላይ የነበረ ቅርጻ ቅርጽ ነው። የአንደኛ ማዕረጓ ልጅ የአንደኛ ማዕረግ እንጨት ላይ ተኝታለች። የሦስተኛ ማዕረጉ ልጅ ውሃ ውስጥ ነው። ባሕር መሐልም ማዕረግ አልተፋቀም! እንዴት የኮራሁበት ትንታኔ መሰላችሁ። (ፊልሙ የተሠራበት እንጨት በ2024 ጨረታ ወጥቶ ከ718 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል። ቪዲዮ ቤት ለነበርነው ቢነግሩን ቁራጩን ፍለጋ እንዋኝ ነበር።)

ታናሽ እህቴ ናት ያፈረሰችው። በአንድ የፋሲካ ማታ እንደተለመደው ስንጨቃጨቅ «እሺ መደብ ነው፣ ፎቶዎቹስ?» አለችኝ። የትኞቹ ፎቶዎች? ስንት ጊዜ አይቼው አላስተዋልኳቸውም። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አሮጊቷ አልጋዋ ላይ ናት፣ ካሜራው በራስጌዋ የተደረደሩ ፎቶግራፎች ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል። ወጣቷ ሮዝ የአብራሪ ልብስ ለብሳ አውሮፕላን አጠገብ ቆማለች። ፈረስ ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ የመዝናኛ ቦታ ይታያል።

መደብ ብቻ ቢሆን እነዚያ ፎቶዎች ምን ይሠራሉ? መልስ አጣሁ። አንድ የሚቃወም ትዕይንት ሲመጣ ትርጓሜውን መጣል አያስፈልግም፣ ማስፋት ግን ግድ ነው። ወደ ኋላ ሄጄ የጃክን ንግግሮች አዳመጥኩ። መርከቧ ላይ እያሉ ሳንታ ሞኒካ ወስዶ ፈረስ እንደሚያስጋልባት ይነግራታል፣ ያውም እንደ ሴት በአንድ ወገን ሳይሆን እግሯን ግራና ቀኝ አድርጋ። ውሃው ውስጥ ደግሞ እዚህ አትሞቺም፣ አርጅተሽ፣ ሞቆሽ፣ አልጋሽ ላይ ነው የምትሞቺው ይላታል። ስክሪፕቱ ሁለቱን ተክሏቸዋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ያጭዳል።

ገጽ 147 የገባኝ ያኔ ነው። ጃክ ተርፎ ቢሆን አውሮፕላኑም ፈረሱም እሱ ያሳያት ዓለም ይሆን ነበር። ከአንድ ወንድ እጅ ወደ ሌላ ወንድ እጅ የተሸጋገረች ልጅ ታሪክ። ስለዚህ እንጨቱ ላይ ብቻዋን መሆን ነበረባት። ቦታ ቢኖርም።

ስድስተኛ፦ ጻፉት

ረጅም አያስፈልግም። አንድ ገጽ ይበቃል። አንድ ሐሳብ፣ ሐሳቡን የተሸከመ አንድ ትዕይንት ከነደቂቃው፣ አንድ ተቃውሞ እና ለተቃውሞው ያላችሁ መልስ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትተርኩ፣ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ያላየም እንዲያይ ትፈልጋላችሁ። «ዳይሬክተሩ ሊል የፈለገው» ከማለት «ፊልሙ የሚያሳየው» በሉ። የዳይሬክተሩን ልብ አታውቁም፣ ስክሪኑን ግን አቁማችሁ ማየት ትችላላችሁ። «ምርጥ ነው» እና «ይደብራል» የሚሉትን ቃላት ለመጨረሻ አቆዩ። እዚያ ስትደርሱ አንባቢው ራሱ ብሏቸዋል።

ለመለማመድ ከፈለጋችሁ ታይታኒክን መልሳችሁ አትጀምሩት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው። ወደ መጨረሻው ሂዱና የፎቶዎቹን ትዕይንት ብቻ ክፈቱ። ፈረሱ ላይ ስትደርሱ አቁሙት። እግሯን እዩ።